ድምፁ ከጆንያ ውስጥ የሚመጣ ካሴት

የምሠራው ደሴ ነው፣ አንድ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ የድምፅና የምስል ክፍል። የድሮ ካሴት እንቀበላለን፣ ወደ ኮምፒውተር እንገለብጣለን። መንዙማ አለ፣ የሠርግ ዘፈን አለ፣ በአምባሰልና በባቲ ቅኝት የተመታ ማሲንቆ አለ፣ አያት ለልጅ ልጅ ያወሩት ወግ አለ። አብዛኛው አንድ ዓይነት በሽታ ይዞት ይመጣል። ቀላል ቀላሉን ታውቃላችሁ ብዬ እዘለዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ፦ ሄድ (ቴፑ ውስጥ ክሩን እየነካ ድምፁን የሚያነበው ብረት) የሚጠረገው በጥጥና በንጹህ አልኮል ነው። በሽቶ አይደለም። በአረቄም አይደለም። ሁለቱንም የሞከረ ሰው አውቃለሁ።

ምልክት፦ ድምፁ ታፍኗል፣ ይሄዳል ይመጣል

ቃል አይለይም። "ሰ" እና "ሸ" አንድ ይሆናሉ። ዘፋኙ ጆንያ ውስጥ ገብቶ የሚዘፍን ይመስላል። አንዳንዴ ጥርት ይልና ተመልሶ ይሰጥማል። ባለቤቱም "ክሩ አርጅቷል፣ በቃ ሞቷል" ብሎ ነው የሚያመጣው። አልሞተም።

መጀመሪያ ሌላ ካሴት አጫውቱ። እሱም ከታፈነ ጥፋቱ የቴፑ ነው። ይሄኛው ብቻ ከታፈነ አውጡትና ክሩ በሚታይበት በኩል መሐሉን እዩ። ከክሩ ጀርባ፣ ቀጭን የመዳብ ስፕሪንግ ላይ የተለጠፈች ትንሽ ስፖንጅ መኖር አለባት። ስፖንጅ እንላታለን እንጂ የተጠቀጠቀች ሱፍ ናት። ሥራዋ ክሩን ሄዱ ላይ ማስጠጋት ነው። ሙጫዋ ሲደርቅ ትወድቃለች። ክሩ ከሄዱ በፀጉር ውፍረት እንኳ ከራቀ መጀመሪያ የሚጠፋው ቀጭኑ ድምፅ ነው። ጆንያው ይሄ ነው።

ከባቲና ከከሚሴ በኩል የሚመጡ ካሴቶች ላይ ይሄን አብዝቼ አያለሁ። ቆላ ነው፣ ሙቀት ሙጫ ያደርቃል። ኮምቦልቻ መኪና ውስጥ፣ መስታወት ሥር ፀሐይ ላይ የከረመ ካሴት ደግሞ ስፖንጇ መውደቋ ብቻ ሳይሆን ቀፎውም (የውጪው ፕላስቲክ) ይጣመማል።

አንድ የወረኢሉ አባት የሟች ወንድማቸውን መንዙማ ይዘው መጡ። ሁለት ጠጋኝ ቤት "አይሠራም" ብሏቸዋል። ከፈትኩት፣ ስፖንጇ ጥግ ላይ ተጋድማለች። ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ድምፁ ጥርት ብሎ ሲወጣ "እስቲ ድገመው" አሉኝ። እምቢ አልኳቸው። "አባባ፣ ካሴቱን አንዴ ነው የማጫውተው፣ እሱንም እየቀዳሁ። ኮምፒውተሩ ላይ ግን ሃያ ጊዜ ይስሙት" አልኳቸው። ትንሽ ተቀይመውኛል።

መፍትሄ፦ ቀፎ መቀየር

ስፖንጅ ከመለጠፍ ክሩን ወደ ደህና ቀፎ ማዛወር ይሻላል። አምስት ብሎን ያለው የቲዲኬ ወይም የማክሴል ካሴት ፈልጉ። ገበያ ላይ በርካሽ የሚሸጠውን አዲስ ባዶ ካሴት ተዉት፤ ስፖንጁ ሲገዛም ሊወድቅ የደረሰ ነው፣ መንኮራኩሩም ይንቋቋል።

የታመመውን ካሴት "ሀ" የሚለውን ገጽ ወደ ላይ አድርጋችሁ ጠረጴዛ ላይ አስተኙ። ብሎኖቹን በትንሽ ካቻቪቴ ፍቱ። የላይኛውን ክዳን ቀጥ አድርጋችሁ አንሱ፣ አታዘንብሉት። አሁን እጃችሁን ሰብስቡና በስልክ ፎቶ አንሱ። ይሄን የዘለለ ሰው ክሩ በየት በየት እንደሚዞር ሲያስብ ያመሻል። ክዳኑ ላይ የተጣበቀች ቀጭን ላስቲክ ካለች አብራ እንዳትነሳ ያዟት። ማዕዘኑ ላይ ያሉት ሁለት ትናንሽ መንኮራኩሮች ያመልጣሉ፣ ሥራውን ትሪ ላይ ሥሩ። ሁለቱን ጥቅል አንድ ላይ በሁለት እጅ አንስታችሁ አዲሱ ቀፎ ውስጥ አስቀምጡ። ክሩን በጣት አትንኩ። የጣት ቅባት አይለቅም። ክሩ ከስፖንጇ ፊት ለፊት ማለፉን አረጋግጡ። ብሎኑን ስትመልሱ በማዕዘን ተሻግራችሁ አጥብቁ፣ ደግሞም በጣም አታጥብቁ። ቀፎ ከጠበቀ ክሩ ይንቀረፈፋል፣ ከዚያ "ሠራሁት" ያላችሁትን ቴፑ ይበላዋል። ከመቅዳታችሁ በፊት አንዴ እስከ መጨረሻ አስኪዱ፣ አንዴ መልሱ።

ብሎን የሌለው፣ ተጣብቆ የታሸገ ቀፎ ከሆነ በቀጭን ቢላ በስፌቱ በኩል ቀስ እያላችሁ ፈልቅቁ። ይሰበራል፣ ይሰበር። ቢላዋ ግን ወደ ውስጥ ከግማሽ ሴንቲ በላይ አይግባ።

ሱፐር ግሉ አትጠቀሙ! ሱፏ ውስጥ ይሰርግና እንደ ድንጋይ ይደርቃል፣ ክሩን ይፍቃል። አንዱ ደግሞ የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ቆርጦ ለጥፎ አምጥቶልኛል።

ሌላ ማስጠንቀቂያ፣ ያመመኝ። ቀፎ የምትዘርፉበትን ካሴት አስቀድማችሁ አዳምጡ። አንዴ ረዳቴ "ባዶ ነው" ብሎ የከፈተው ካሴት ውስጥ የአንድ ሽማግሌ የአርባ ደቂቃ ትረካ ነበር። ሌላ ቅጂ የለውም። ክሩ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግፎ አገኘሁት። ቀኑን ሙሉ በእስክሪብቶ ስናጠነጥን ዋልን።

ስፖንጇ ካለች፣ ሄዱም ንጹህ ከሆነ፣ ድምፁ ግን አሁንም ከታፈነ፦ የሄዱ አቀማመጥ ነው። ካሴቱ የተቀዳበት ቴፕ ሄዱ ዘንበል ያለ ነበር። ከሄዱ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ብሎን እያዳመጣችሁ በጥቂቱ አዙሩ፣ ድምፁ በጣም በሚጠራበት ላይ አቁሙ። ሲያልቅ ወደ ነበረበት መልሱ።

ምልክት፦ ዘፈኑ ይጎተታል፣ ይዋዥቃል

ቺንጋው ነው፣ ቴፑ ውስጥ ሞተሩ የሚያዞረው ላስቲክ። ያረጀ ቺንጋ ይላላል፣ አንዳንዱ ቀልጦ እንደ ሬንጅ ይሆናል። በአልኮል ጠርጋችሁ በልኩ ቀይሩ። "ይሆናል ይሆናል" እየተባለ የሚሸጥ ቺንጋ አይሆንም።

ምልክት፦ መንዙማው መሐል ላይ ኳስ ጨዋታ ይገባል

አንድ ሰው ሪከርድ ተጭኗል። የተደረበበት አይመለስም። ሌላ እንዳይደረብበት ካሴቱ ጀርባ ያሉትን ሁለት ትናንሽ የፕላስቲክ ጆሮዎች አሁኑኑ ስበሩ።

ሻጋታ፦ ነጭ ብናኝ ካያችሁ ለብቻ አስቀምጡት፣ ቴፕ ውስጥ አታስገቡት፣ በአፍ እፍ አትበሉት። የተበጠሰ ክር፦ 3.81 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው የክር መቀጠያ ቀጥሉ፣ በፕላስተር አይደለም። ቀፎ የሌለው ተለቅ ያለ ጥቅል ክር (ሪል) ሲጫወት ከጮኸና ቡናማ ጥቀርሻ ከለቀቀ አቁሙ፣ ማድረቂያ ላለው ባለሙያ ስጡ። ምጣድ አይነካውም።

ስትቀዱ በዋቭ (ድምፁን ሳይጨምቅ በሚያስቀምጥ ፋይል) ቅዱ፣ ኤምፒ3 ለማካፈል ነው። ቢያንስ 48 ኪሎ ኸርዝ 24 ቢት፣ ከተቻለ 96። በ96 ሲሆን የ90 ደቂቃ ካሴት በስቴሪዮ 3 ጊጋ ገደማ ይይዛል። ፍላሽ ላይ ብቻ አስቀምጦ "ተቀምጧል" የሚል ሰው ያበሳጨኛል። ሁለት ሃርድ ዲስክ ይኑር፣ አንዱ ከከተማ ውጭ ይቀመጥ። በ2014 በጦርነቱ ያሳለፍነውን ያየ ሰው ለምን እንደሆነ አይጠይቀኝም።

የድሮውንም ቀፎ አትጣሉ። ላዩ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈው ስምና ቀን ብዙ ጊዜ ያለን መረጃ እሱ ብቻ ነው። ፎቶ አንሱት፣ ቁጥር ስጡት፣ ከአዲሱ ጋር አንድ ኪስ ውስጥ ክተቱት።