ዝገት የበላውን የመኪና ላሜራ ያለ ብየዳ መለጠፍ

በጎጃም ክረምት በጭቃ ሲመላለስ የከረመ ሚኒባስ ቀድሞ የሚበሰብሰው ከፓራፋንጎው (ከጎማው በላይ ካለው ጭቃ መከላከያ) እጥፋትና ከበሩ ታች ነው። እጥፋቱ ውስጥ የተጠቀጠቀው ጭቃ እርጥበቱን ይዞ ይቆያል፤ የበሩ የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች ደግሞ ሲደፈኑ ውሃው ውስጥ ይተኛል። ስለዚህ ዝገቱ የሚመጣው ከውስጥ ነው። ቀለሙ አብጦ ሲታይ ጀርባው ካለቀ ቆይቷል።

የመኪና ላሜራ ውፍረት 0.8 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ዝገት ያሳሳውን ደግሞ የብየዳ እሳት በቀላሉ ይበሳዋል፣ ያጣምመዋል፤ የጀርባውን ቀለምም ስለሚያቃጥል አዲሱ ዝገት ከብየዳው መስመር ይጀምራል። ባለ ሁለት ክፍል የቦዲ ኢፖክሲ፣ ማለትም ሁለቱ ክፍሎች ሲደባለቁ የሚደርቅ የመኪና ላሜራ ማጣበቂያ፣ ይህን ጣጣ ያስቀራል። የማያስቀረው ግን አለ፦ ሻንሲ (የመኪናው አጽም)፣ የጣሪያ ምሰሶ፣ የመቀመጫ ቀበቶ የሚታሰርበት ቦታ፣ የመንገዱን ንዝረት የሚችሉት የባሌስትራና የአሞርዛቶሪ መያዣ፣ ከበር ሥር ያለው ሸክም ተሸካሚ ደፍ በዚህ መንገድ አይነኩም። እነዚህ የሚያውቅበት በያጅ ሥራ ናቸው። ማጣበቂያውን በቀሩት ቦታዎች፣ በፓራፋንጎ፣ በበር ቆዳና በጎን ላሜራ ተጠቀሙበት።

ሲገዙ በአምስት ደቂቃ የሚደርቀውን ትንሽ የኢፖክሲ ቱቦ ይተዉት፤ ሲደርቅ ይሰባበራል፣ ለማስተካከልም ጊዜ አይሰጥም። ኮምጣጤ የሚሸት ሲሊኮን ባዶ ብረት ላይ ካረፈ ራሱ ዝገት ይጠራል። የሚፈለገው ለመኪና ላሜራ ተብሎ የተሠራው፣ ማደባለቂያ አፍና የራሱ መግፊያ ሽጉጥ ያለው ነው። ስፋቱ 20 በ30 ሳንቲሜትር ለሆነ ቀዳዳ ዙሪያው 1 ሜትር ነው፤ 6 ሚሊሜትር ወፍራም የማጣበቂያ መስመር ለ1 ሜትር 28 ሚሊሊትር ይወስዳል። መጀመሪያ የሚቀባውና የሚባክነው ሲጨመር ወደ 50 ሚሊሊትር ያስቡ። ባለ 200 ሚሊሊትሩ ቱቦ እንዲህ ያሉ ሦስት አራት ቦታዎችን ያዳርሳል።

የበሰበሰው ተቆርጦ ይወጣል፤ ሲነኩት የማይታጠፍ፣ ወፍራም ብረት እስኪገኝ ድረስ። እዚህ ላይ መሳሳት የለም፤ ትንሽ ቆርጦ ዝገት ላይ መለጠፍ የለጠፉትን ከነዝገቱ ማጣት ነው። የቀዳዳውን ጥግ ክብ አድርጉት። መለጠፊያው ላሜራ በየጎኑ 25 ሚሊሜትር ይደራረብ። ከጀርባ በኩል ቢገባ ከላይ ብዙ ስቱኮ አይፈልግም፤ ጀርባው የማይደረስ ከሆነ ግን የቀዳዳውን ጠርዝ ወደ ውስጥ ዝቅ አድርጎ ከላይ ማስቀመጥ ይሻላል። ቅርጹ ያለ ጉልበት መግጠም አለበት። ተገፍቶ የገጠመ ላሜራ ዕድሜውን ሙሉ ሊላቀቅ ይታገላል፤ ማጣበቂያ ደግሞ ጎን ለጎን ሲጎተት ብርቱ፣ ከጠርዝ ሲገለጥ ደካማ ነው።

ሁለቱም ፊቶች በ80 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ይፈተጉ። ነጭ ብረት ይውጣ፣ ጭረቱም ይታይ፤ የለሰለሰ ብረት አይይዝም። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ በአሴቶን ይጠረጋል። ቤንዚን ቅባት ትቶ ይሄዳል፤ አይሆንም። ከጠረጉ በኋላ በባዶ እጅ አይነካም፣ ለነገም አይቆይም። በክረምት ባዶ ብረት ላይ በሰዓታት ውስጥ ቀይ አቧራ ይነሳል።

መጀመሪያ አፉን ሳይገጥሙ ሁለቱም ክፍል እኩል እስኪወጣ ይግፉ፤ አፉን ከገጠሙ በኋላ የመጀመሪያውን አንድ ስንዝር ያህል ይጣሉት። ቀለሙ ዥንጉርጉር ከሆነ አልተደባለቀም። በሁለቱም ፊት ስስ አድርጎ በማንኪያ ቀብቶ ብረቱን መሸፈን ያስፈልጋል፤ ጠርዝ ላይ ያልተቀባ ጭረት ውሃ የሚገባበት በር ነው። ከዚያ በአንደኛው ላይ መስመሩን አስምሩ። ላሜራውን አንዴ ካስቀመጡ አንስተው አይመልሱ፤ አየር ይገባል። ማስተካከል ካስፈለገ ያንሸራቱት። በየ5 ሳንቲሜትሩ በቫይስ ግሪፕ (ቆልፎ በሚይዝ ፒንሳ) ወይም በላሜራ ብሎን ይያዝ፤ ብሎኑ ከደረቀ በኋላ ይወጣል፣ ቀዳዳው ይደፈናል። በኃይል አይጥበቅ፤ ማጣበቂያው ተጨምቆ ካለቀ የሚይዝ ነገር አይቀርም። ግማሽ ሚሊሜትር ያህል በመካከል ይቆይ። ጓንት አይረሳ፤ ኢፖክሲ ቆዳን አለርጂ ያስይዛል። እጅ ከነካም በቲነር ሳይሆን በሳሙና ይታጠብ።

አብዛኛው ሥራ የሚበላሸው ቅዝቃዜ ላይ ነው። ቱቦው ላይ የተጻፈው የማድረቂያ ሰዓት ለ20 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ በ10 ዲግሪ ሲወርድ ጊዜው በግምት እጥፍ ይሆናል። ባሕር ዳር በቀን ሙቀት የሚሠራው ደብረ ማርቆስ ወይም እንጅባራ በሐምሌ ሌሊት በዚያው ሰዓት አይደርቅም። ጠዋት ቀዝቃዛ ላሜራ ላይ ጤዛ ይተኛል፤ ስለዚህ ረፋድ ላይ መጀመርና መኪናውን ከጣሪያ ሥር ማቆየት ይሻላል። ማሞቅ ካስፈለገ ራቅ ያለ መብራት ይበቃል፣ እጅ ሊነካው እስከሚችለው ሙቀት ድረስ። ከሰል ማንደድ ግን የአሴቶን ትነት ያለበት ቤት ውስጥ እሳት መጥራት ነው። በቁራጭ ላሜራ ላይ ትንሽ ማጣበቂያ አስቀምጡ፤ ጥፍር ሲጫነው ካልሰረጎደ መቆንጠጫው ይፈታል። ለመፍተግ ግን ቢያንስ 24 ሰዓት ይጠበቅ። ላዩ ቢያጣብቅ እርጥበት ያመጣው ስስ ሽፋን ነው፤ በውሃና ሳሙና ታጥቦ ከደረቀ በኋላ ይፈተጋል።

ሥራውን ለመፈተን ሁለት ቁራጭ ላሜራ በዚያው መንገድ አጣብቃችሁ፣ ሲደርቅ በመሮ ገልጡት። ማጣበቂያው ሁለት ተሰንጥቆ በሁለቱም ብረት ላይ ከቀረ ሥራው ደህና ነው። ከአንዱ ብረት ልጥ ብሎ ከወጣ ግን ጥፋቱ ፍተጋው ወይም ጽዳቱ ላይ ነው፤ የማጣበቂያውን ዋጋ አትውቀሱ።

ከላይ ስስ ስቱኮ፣ ፕራይመር፣ ቀለም። ስቱኮ ውሃ ይመጥጣል፤ ቀዳዳ በስቱኮና በጋዜጣ የሚደፍን ጋራዥ የሚሸጠው እስከሚቀጥለው ክረምት የሚቆይ ነገር ነው። ከጀርባ ደግሞ ፕራይመር ተቀብቶ የመገጣጠሚያው ጠርዝ ሁሉ ይሸፈን፤ የበሩን የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች ግን እንዳትደፍኑ። በኋላ አጠገቡ ብየዳ የሚሠራ ካለ ቦታውን አሳዩት፦ ኢፖክሲው በከፍተኛ ሙቀት ይላቀቃል፣ ጭሱም መርዛም ነው።