«ዲግሪ አለኝ» ከማለታችሁ በፊት ወረቀቱን አንብቡ

የሰው ኃይል ክፍል ተቀምጬ የአመልካቾችን ማስረጃ ሳገላብጥ ዓመታት አለፉ። አንድ ልጅ ሌቭል 4 ይዞ ዲግሪ ለሚጠይቅ ቦታ አመለከተ። ብመልሰው «ያው ነው እኮ!» ብሎ ተቆጣኝ።

ያው አይደለም። ወረቀቱ «ሌቭል» ካለ የቴክኒክና ሙያ ነው፤ ከጎኑ የሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ማስረጃ ይፈለጋል። «ባችለር» ካለ የመጀመሪያ ዲግሪ ነው። ብዙው ትምህርት 4 ዓመት ይወስዳል፣ ምህንድስናና ሕግ 5። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመውጫ ፈተና አለ። ኮርሱን ጨርሶ ፈተናውን ያላለፈ ሰው ዲግሪ የለውም፣ ጋዋን ለብሶ ፎቶ ቢነሳም።

ቴምፖ የሚባለው ጊዜያዊ ማስረጃ ነው። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው ኦሪጅናሉን ለማውጣት የወጪ መጋራቱን፣ ማለትም ከትምህርቱ ወጪ የሚጋራውን ዕዳ፣ መጨረስ አለበት።

ማስተርስ ቀላል ነው፦ ከዲግሪ ቀጥሎ፣ ባብዛኛው 2 ዓመት።

ራስ የሚያዞረው «ዶክተር» ነው። ሐኪሙ ከ12ኛ ክፍል በኋላ ሕክምና ተምሮ ኤምዲ አገኘ። ሌላው ከማስተርስ በኋላ ምርምር ሠርቶ፣ ጽሑፉን ገምጋሚዎች ፊት ተከላክሎ ፒኤችዲ ያዘ። የክብር ዶክትሬት ግን ሽልማት ነው። የሥራ ማመልከቻ ላይ «የትምህርት ደረጃ» ብሎ የሞላው ሰው ገጥሞኛል፤ ሳቄን በግድ ነው የያዝኩት።

ውጭ አገር የተማራችሁ ደግሞ ከማመልከታችሁ በፊት የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ሄዳችሁ የአቻ ግምት፣ ማለትም ማስረጃችሁ እዚህ አገር ከየትኛው ደረጃ ጋር እኩል እንደሆነ የሚያሳይ ወረቀት፣ አሠሩ።