ታድሶ የገባ አሮጌ ሞተር ሲያስቸግር ከየት መጀመር ይገባል

ሞተር ወርዶ፣ ቶርኖ ቤት ደርሶ፣ አዲስ ፋሻ (የፒስተኑ ቀለበት) እና ብሮንዚን (ዘንጉ የሚዞርበት ትራስ) ገብቶለት ከተመለሰ በኋላ አልነሳ ሲል፣ ሲሞቅ ወይም ሲያጨስ፣ ባለቤቱ ብዙ ጊዜ የሚሰማው የመጀመሪያ ምክር «እንደገና ይውረድ» የሚል ነው። ይህ ምክር በአብዛኛው የተቻኮለ ነው። ከእድሳት በኋላ የሚታይ ችግር ከሞተሩ ሆድ ይልቅ በመጨረሻ እጅ ባረፈበት ቦታ፣ ማለትም እሳቱን ለካንዴላዎቹ በሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተር፣ በካንዴላ ገመዶቹ፣ በካርቡራቶሩ ሥር ባለው ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ወይም በቫልቩና በሚገፋው ክንድ መካከል ባለው የቫልቭ ክፍተት ላይ የመገኘቱ ዕድል ሰፊ ነው። ስለዚህ ሳይለኩ አንድም ቡሎን አለመፍታት ገንዘብንም ሞተርንም ያድናል። በደሴና በኮምቦልቻ ደግሞ ማንኛውም ልኬት ከከፍታው ጋር ተያይዞ መነበብ አለበት፤ ይህ ሲዘነጋ ጤነኛ ሞተር ታማሚ ይባላል።

አንድ ነገር ብቻ ቀጠሮ አይሰጥም፤ እርሱም የዘይት ግፊት ነው። ታድሶ የገባ ሞተር ለመጀመሪያ ጊዜ ከመነሳቱ በፊት ካንዴላዎቹን አውጥተው፣ የቦቢናውን (እሳቱን የሚያመነጨውን) ዋና ገመድ ነቅለው፣ ሞተሪኖውን (ማስነሻውን) እያሳረፉ ለአጭር ለአጭር ጊዜ በማዞር የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ ይጠብቁ። መብራቱ ካልጠፋ ሞተሩ መነሳት የለበትም። መብራቱ ጠፋ ማለት ግን ግፊቱ በቂ ነው ማለት አይደለም፤ ጠቋሚው የሚሠራው በጣም በዝቅተኛ ግፊት ስለሆነ፣ እርሱን ፈትቶ በቦታው የግፊት መለኪያ ማሰርና ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ውጤቱን ከማኑዋሉ ጋር ማስተያየት ይሻላል። ሞተሩ እየሠራ ከታች ከባድ የመዶሻ ድምፅ ከተሰማ የካንዴላ ገመዶቹን ተራ በተራ፣ በተሸፈነ መያዣ ነቅሎ መመለስ ነው፤ የአንዱ ሲነቀል ድምፁ ከቀነሰ የዚያ ሲሊንደር ብሮንዚን ይጠረጠራል። በዚህ ጊዜ ሞተሩ ወዲያውኑ ይጥፋ፤ እንደገና መውረዱም ተገቢ ነው። ከላይ የሚሰማው ቀጭን «ቲክ ቲክ» ግን አብዛኛውን ጊዜ የቫልቭ ክፍተት ነው።

ሞተሩ ጨርሶ አልነሳ ካለ፣ በተለይም በካርቡራቶሩ በኩል እሳት እየተፋ ወይም በማርሚታው (በጭስ ማውጫው) እየተኮሰ ከሆነ፣ ዲስትሪቢዩተሩ ግማሽ ዙር ተሳስቶ ገብቶ ወይም ገመዶቹ ተቀያይረው ሊሆን ይችላል። ፒስተን ቁጥር አንድ በአንድ ሙሉ የሥራ ዑደት ሁለት ጊዜ ጫፍ ስለሚደርስ፣ የፑሊው ምልክት ብቻ አያስተማምንም። የቁጥር አንድን ካንዴላ አውጥተው ቀዳዳውን በአውራ ጣት ይድፈኑ፤ ሞተሩም በእጅ በቀስታ ይዙር። አየሩ ጣትዎን ሲገፋና ምልክቱ ሲገጥም ፒስተኑ በመጭመቂያው ጫፍ ላይ ነው፤ በዚያች ቅጽበት የዲስትሪቢዩተሩ ሮተር (በውስጡ የሚዞረው ጠቋሚ) ወደ ቁጥር አንድ ገመድ ማመልከት ይኖርበታል። በዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የብዙ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተሮች የእሳት ቅደም ተከተል 1-3-4-2 ሲሆን፣ እንደ 4ኬ ያሉት አሮጌ የቶዮታ ሞተሮች ግን 1-2-4-3 ናቸው፤ በልማድ ብቻ ገመድ የሚሰካ መካኒክ እዚህ ላይ በቀላሉ ይስታል። ወደ ሌላ ነገር ከመሻገር በፊት የቫልቭ ክፍተቱም ይታይ፤ በ4ኬ ላይ ሞተሩ እንደሞቀ የመግቢያው 0.20፣ የጭስ ማውጫው 0.30 ሚሊ ሜትር ነው። ከዚህ ጠብቦ የተሠራ ቫልቭ በደንብ ስለማይዘጋ ኮምፕሬሽን (በሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀውን የአየር ግፊት) ያሳጣል፤ ጥፋቱም በከንቱ በፋሻ ይሳበባል።

ኮምፕሬሽን ሲለካ ሞተሩ ሞቆ፣ ካንዴላዎቹ በሙሉ ወጥተው፣ ባትሪው ሞልቶ፣ የቤንዚን ፔዳሉም እስከ መጨረሻው ተረግጦ መሆን አለበት። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ደግሞ ወደ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ፤ የአየሩ ግፊት በደሴ ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል፣ በኮምቦልቻ ከአምስት አራት እጅ ያህል ነው። እንግዲህ ማኑዋሉ 12 ኪሎ (በካሬ ሴንቲ ሜትር) የሚለው ሞተር በደሴ 9፣ በኮምቦልቻ ደግሞ 9 ተኩል ገደማ ቢያሳይ ምንም አልጎደለበትም። ከቁጥሩ ይልቅ በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ይበልጥ ይናገራል። አንዱ ብቻ ዝቅ ካለ በካንዴላው ቀዳዳ ትንሽ የሞተር ዘይት ጨምሮ እንደገና መለካት ነው፤ ግፊቱ ከፍ ካለ ችግሩ የፋሻ፣ ካልተነቃነቀ የቫልቭ ወይም የጓርኒሲዮን ነው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ከወረዱ በመካከላቸው ያለው የቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ጓርኒሲዮን ይፈተሽ። አዲስ ፋሻ ከሲሊንደሩ ጋር እስኪላመድ ድረስ ዝቅ ያለ ውጤት ስለሚያሳይ፣ የመጀመሪያዎቹ 500 ኪሎ ሜትሮች ሳይነዱ በፋሻው ላይ መፍረድ አይገባም።

ሙቀት ሌላው ትልቅ ጉዳይ ነው። ክዳኑ ግፊት በማይዝ ራዲያተር ውስጥ ያለ ንጹህ ውሃ በደሴ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ስለዚህ የላላ ክዳን በዝቅተኛ ቦታ ከሚያደርሰው ጉዳት የበለጠ እዚህ ያደርሳል። ከእድሳት በኋላ የሚታይ ሙቀት ግን ብዙውን ጊዜ በውስጥ የቀረ አየር ነው። የመኪናውን አፍንጫ ወደ ላይ በሚያደርግ ቦታ አቁመው፣ የማሞቂያውን መስመር ከፍተው፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ክዳኑን አንስተው በሚኒሞ (ቤንዚን ሳይረገጥ) እያሠሩ ውሃ ይሙሉ። አየሩ ወጥቶ ካለቀ በኋላም አረፋው ካላቋረጠ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ጭስ ወደ ውሃው እያሳለፈ ነው። ሞተር ሞቀ ተብሎ ቴርሞስታቱን (የውሃውን ፍሰት እንደ ሙቀቱ የሚቆጣጠረውን) አውጥቶ የመጣል ልማድ ሊቀር ይገባል። በደሴ ብርድ ያለ ቴርሞስታት የሚሠራ ሞተር የሥራ ሙቀቱ ላይ ለመድረስ ይቸገራል፤ ቤንዚን ወደ ዘይቱ ይወርዳል፣ አዲሱ ፋሻም ያለጊዜው ይበላል።

ለጭስ ምርመራ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ካለው ከሐረጎ ዳገት የተሻለ መሣሪያ በአካባቢው አይገኝም። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ቁልቁል ሲወርዱ እግርዎን ከቤንዚን አንስተው በማርሽ ይያዙት፤ በዚህ ጊዜ በሞተሩ ውስጥ ኃይለኛ የመሳብ ግፊት ይፈጠራል። ከወረዱ በኋላ ቤንዚን ሲረግጡ ሰማያዊ ጭስ ከወጣና ወዲያው ከጠፋ ዘይቱ የሚወርደው በቫልቭ ጎማዎቹ ነው። ሽቅብ ሲወጡ፣ ሞተሩ ጭነት ሲሸከም ሰማያዊው ጭስ ሳያቋርጥ ከተከተለ ግን ዓይን ወደ ፋሻው ይዞር። ጥቁር ጭስ የቤንዚን መብዛት ነው፤ በቆላ የተስተካከለ ካርቡራቶር ደጋ ሲወጣ አየሩ ስለሚሳሳ ይህን ማሳየቱ አይቀርም። በማለዳ የሚታየው ነጭ እንፋሎት ሞተሩ ሲሞቅ ከጠፋ የብርዱ ነው፤ ካልጠፋና የራዲያተር ውሃም ከቀነሰ ጓርኒሲዮን ነው።

የእሳቱን ጊዜ በተመለከተ፣ በደሴ ትንሽ ቢቀደም ሞተሩ ይነቃል፤ ነገር ግን ያው መኪና ኮምቦልቻ ወርዶ በሙቀት ሲጫን ሊያንኳኳ ይችላል። በሁለቱ ከተሞች መካከል የሚመላለስ መኪና በኮምቦልቻ በማያንኳኳበት ልክ ቢስተካከል ይመረጣል።

አዲስ ካም ሻፍትና ታፔት (ቫልቮቹን የሚከፍቱት ክፍሎች) የገባለት ሞተር እንደተነሳ በሚኒሞ መተው የለበትም፤ ለ20 ደቂቃ ያህል በደቂቃ ወደ 2,000 ዙር ላይ ይያዝ። ከዚያም ፋሻው እንዲላመድ ጭነቱ ከፍ ዝቅ እያለ መነዳት አለበት። ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡ የሚወስደው መንገድ ለዚህ ይስማማል፤ ሐረጎን በከባድ ጭነት መውጣት ግን ቢያንስ ከመጀመሪያው 500 ኪሎ ሜትር በኋላ ይሁን። በዚያው ርቀት ዘይቱና ፊልትሮው ይቀየሩ፤ የወጣው ዘይትም በንጹህ ሳህን ተቀድቶ በፀሐይ ይታይ። ደቃቅ ግራጫ ብናኝ የሚጠበቅ ነው፤ የሚያብለጨልጭ የብሮንዚን ቅርፊት ከታየበት ግን ኮፓው (የታችኛው የዘይት መያዣ) ይከፈት። የጓርኒሲዮኑ ዓይነት የሚጠይቅ ከሆነ የቴስታታው ቡሎኖች ከመሐል ወደ ዳር በቶርክ መፍቻ ዳግም ይጥበቁ፤ ከጠበቁ በኋላ የቫልቭ ክፍተቱ ስለሚለወጥ እርሱም እንደገና ይለካ።