ሥዕል ይዛችሁ ባዛር ለምትወጡ

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ላይ ባዛር ወይም የኮሚክ አፍቃሪዎች መሰባሰቢያ ሲኖር፣ ትልልቅ ሸራ ብቻ ይዛችሁ አትውጡ። ተማሪው ቆሞ ያደንቃል፤ ዋጋውን ሲሰማ ግን አመስግኖ ያልፋል። ስለዚህ ሥዕላችሁን በትንንሹ አሳትማችሁም ያዙ። አንድ ኤ4 ወረቀት አራት ኤ6 ይወጣዋል፤ እያንዳንዱ 10.5 በ14.8 ሴንቲ ሜትር፣ የፖስት ካርድ ያህል ነው። ብዙ ማተሚያዎች እስከ ጠርዝ ስለማያትሙ ዳር ዳሩን ነጭ ተዉለት፤ ሲቆረጥም ሥዕሉ አይነካም። ወረቀቱ ወፍራም ይሁን። ስስ ከሆነ እጅ ላይ ይጠቀለላል፣ ገዢውም ወዲያው ይመልሰዋል።

ጠረጴዛ ላይ አንጥፋችሁ አትተዉት። ከኋላ ገመድ ወጥራችሁ በልብስ መቆንጠጫ ስቀሉት፣ ከሩቅ ይታያል። ደሴ ደጋ ናት፤ ንፋሱ ሲነሣ እንዳይገለብጠው ከታችም መቆንጠጫ ጨምሩበት። ዋጋውን በጉልህ ጻፉ፤ መጠየቅ የሚያፍር ብዙ ነው። ዝርዝር ብርና የታተመ የቴሌብር ኪውአር ኮድ አይለያችሁ።

የሌላ ሰው ገጸ ባሕርይ ሥላችሁ ከመሸጣችሁ በፊት ግን አስቡበት፤ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ። እኔ የምመርጠው የራሳችሁን ፈጠራ ነው፤ ሹሩባ የተሠራች የወሎ ጀግና ብትሥሉ ደስታዬ ነው። ከጀርባው ስማችሁንና የቴሌግራም አድራሻችሁን መጻፍ አትርሱ።