የአበርሌምኖን የድንጋይ ሐረግ በወረቀት ላይ እንዴት መሳል ይቻላል

በስኮትላንድ አንገስ አውራጃ፣ አበርሌምኖ በተባለች መንደር የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ፒክት የተባሉት ሕዝቦች የቀረጹት ድንጋይ ቆሟል። በጀርባው የጦርነት ትዕይንት፣ በፊቱ ደግሞ መስቀል ያለበት ሲሆን፣ የመስቀሉ ግንድ በብራና መጻሕፍታችን ራስጌ ከምናየው ሐረግ ጋር በሚቀራረብ ጥልፍልፍ ተሞልቷል። እንዲህ ያለውን ድንጋይ በአካል የሚያገኝ ሰው ወረቀት ለጥፎ በእርሳስ ከመፈተግ ይቆጠብ፤ መብራት ከጎን አብርቶ ፎቶ ማንሳት ቅርጹን አጉልቶ ያሳያል፣ ድንጋዩንም አይጎዳም።

ለመለማመጃ ስኩዌር ደብተር፣ እርሳስና ላጲስ ይበቃሉ። የስልክ መተግበሪያ ሥዕሉን ቢያፋጥንም የክሩን አካሄድ ስለማያስተምር ለጀማሪ አልመክረውም።

ወርዱ 3፣ ቁመቱ 4 ካሬ የሆነ ሳጥን ከልለው፣ በእያንዳንዱ ካሬ ውስጥ የአራቱን ጎኖች መካከለኛ ነጥቦች በሰያፍ ያገናኙ። ያለ መነሻና መድረሻ የሚዞር አንድ ክር ያገኛሉ። ሳጥኑ 4 በ6 ቢሆን ኖሮ ክሮቹ ሁለት ይሆኑ ነበር።

ይህ ገና ተራ ጉንጉን ነው። ቋጠሮ የሚሆነው አንዳንድ መገናኛዎች፣ ማለትም ክሩ በካሬዎቹ የጋራ ጎን ላይ የሚሻገርባቸው ነጥቦች፣ ሲቆረጡ ነው፤ ይኸውም የተመረጠውን መገናኛ አጥፍቶ፣ በዚያው በካሬው ጎን ላይ አጭር ግድግዳ በማስመር፣ ክሮቹ ሳይሻገሩ ወደየመጡበት ወገን እንዲታጠፉ ማድረግ ነው። በግራ የቆረጡትን በቀኝም በትክክለኛው አቻ ቦታ ይቁረጡ።

እጅግ ያስቸገረኝ የትኛው ክር ከላይ፣ የትኛው ከሥር እንደሚያልፍ መወሰን ነበር። መጀመሪያ ክሩን በጣቴ እየተከተልሁ «ላይ፣ ሥር» እያልሁ እቆጥር ነበር። አንድ ቀን የተቆረጠውን መታጠፊያ እንደ መገናኛ ቆጥሬው ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ተገለበጠ፤ በቀለም ጨርሼው ስለነበር ወረቀቱን ከመጣል ሌላ አማራጭ አልነበረኝም።

ከዚያ ወዲህ የምሠራው በቦታ ነው፤ በቋሚ የካሬ ጎኖች ላይ ባሉ መገናኛዎች ሁሉ ከግራ ታች ወደ ቀኝ ላይ የሚወጣው ክር ከላይ ያልፋል፤ በአግድም ጎኖች ላይ ግን ከግራ ላይ ወደ ቀኝ ታች የሚወርደው። የፈለጉትን ያህል መገናኛ ቢቆርጡም ይህ ደንብ አይፋለስም።

በመጨረሻ መታጠፊያዎቹን አለዝበው፣ በክሩ ግራና ቀኝ መስመር በማስመር ያወፍሩት፣ በየመገናኛው ከሥር የሚያልፈውን መስመርም በላጲስ ያጥፉ። የሚያጠቁሩት ክሩን ሳይሆን ክፍተቱን ነው፤ በድንጋዩም ላይ ተጠርቦ የተወገደው ክሩ ሳይሆን መደቡ ነውና።