ነባሯ ቺንቺላ አዲሷን አላስጠጋ ስትል

ቺንቺላ የአይጥ ዘመድ የሆነች፣ ጸጉሯ ለስላሳ ትንሽ የቤት እንስሳ ናት። በሁለት ቺንቺላዎች መሃል አብዛኛው ጠብ የሚነሳው አዲሷን በቀጥታ በነባሯ የሽቦ ቤት ውስጥ ከማስገባት ነው። ቺንቺላ ግዛቷን አታስደፍርም፤ በተለይ ሴቷ በኋላ እግሯ ቆማ ሽንቷን ትረጫለች፣ ጥርሷን ታንቀጫቅጫለች፣ ከዚያ ትናከሳለች።

አዲሷ መጀመሪያ ለ30 ቀን ገደማ በሌላ ክፍል ትቆይ፤ የያዛት በሽታ ካለ ይታያል። ከዚያ ሁለቱን የሽቦ ቤቶች ጎን ለጎን አስቀምጡ፤ መሃላቸው ግን ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይኑር። ቤቶቹ ከተነካኩ አንዷ በሽቦው መሃል የወጣውን የሌላዋን ጣት ነክሳ ልትቆርጠው ትችላለች። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ይህን ነው።

በየሁለት ሦስት ቀኑ ቤታቸውን አለዋውጡ፤ ቺንቺላ ጸጉሯን የምታጸዳው አቧራ ላይ በመንከባለል ስለሆነ፣ አንዷ የተንከባለለችበትን የመታጠቢያ አቧራም ሳትቀይሩ ለሌላዋ ስጡ። ሽታቸው ሲቀላቀል ጠቡ ይበርዳል። በሽቦው ግራና ቀኝ ተጠጋግተው መተኛት ሲጀምሩ፣ ሁለቱም በማያውቁት ጠባብ ቦታ ለ10 ደቂቃ አገናኟቸው። ባዶ መታጠቢያ ክፍል ይበቃል፣ የመጸዳጃው ክዳን ይዘጋ እንጂ።

አንዷ ሌላዋ ላይ ብትወጣ ወይም ትንሽ ቢሯሯጡ አትደንግጡ፤ የበላይነት መለካኪያ ነው። ጸጉር በጭብጥ ከረገፈ ወይም ደም ከታየ ግን ፎጣ ጣሉባቸውና ለዩ። ባዶ እጅ አታስገቡ።

ሲስማሙ የጋራ ቤታቸው በሆምጣጤና በውኃ ይታጠብ፣ መደርደሪያዎቹም ቦታ ይቀይሩ። ምግብና ውኃ ሁለት ሁለት፣ መደበቂያው ደግሞ ባለሁለት መውጫ ይሁን። የማይስማሙም አሉ፤ ለእነሱ ሁለት ቤት ነው።

ወንድና ሴት ከሆኑ ወንዱ ይኮላሽ፤ ከዚያም ቢያንስ 6 ሳምንት ይጠበቅ። አለዚያ በ111 ቀን ገደማ ግልገል ይመጣል።