ከግማሽ በርሜል የሚሠራ ራሱን የሚያጠጣ የጎመን መደብ

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ጎመንና ቆስጣ የሚጎዱት ውሃ በማነሱ ብቻ አይደለም። በመጣበት ቀን በባልዲ ከሚደፋው ብዙው ከሥሩ አልፎ ይሰርጋል፤ ላይ ላዩን የቀረውን ፀሐይ ይወስደዋል። ራሱን የሚያጠጣ መደብ ውሃውን ከአፈሩ በታች ያጠራቅማል፤ የኩራዝ ክር ላምባውን እንደሚስብ ሁሉ አፈሩ ከታች እየሳበ ለሥሩ ያደርሳል።

ከአንድ ባለ 200 ሊትር የፕላስቲክ በርሜል ሁለት መደብ ይወጣል። ስትገዙ መጀመሪያ የምትጠይቁት ምን እንደነበረበት ነው። የምግብ ዘይት የነበረበት ታጥቦ ይሆናል፤ ኬሚካል ወይም የሞተር ዘይት የነበረበትን ግን ቢረክስም አትውሰዱ። ለእያንዳንዱ ግማሽ የሚያስፈልገው፦ 60 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ባለ 50 ሚሊ ሜትር የፒቪሲ ቱቦ፣ ባለ ግማሽ ኢንች የታንከር ኒፕል ከነጎማውና ከነዳዶው፣ ሦስት ባለ 2 ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ፣ አንድ የማዳበሪያ ከረጢት፣ ሁለት ባልዲ ሬድ አሽ።

ሬድ አሽ ብሎኬት አምራቾች የሚጠቀሙበት ቀዳዳ የበዛበት ቀይ ድንጋይ ነው። ከወንዝ ጠጠር ይቀላል። ከ1 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር የሆነውን መርጣችሁ ብናኙን በውሃ አጥቡ። ነጣ ያለውን ፑሚስ አታምጡ፤ ስለሚንሳፈፍ የሠራችሁትን ሁሉ ከቦታው ያነሳዋል።

በርሜሉን በብረት መጋዝ ወገቡ ላይ ቁረጡት። በቁመቱ የሚሰነጥቁት አሉ፤ ያኔ ጥልቀቱ 30 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም፣ ለውሃም ለሥርም አይበቃም። ወገቡ ላይ ሲቆረጥ ግን እያንዳንዱ ግማሽ 45 ያህል ይሆናል፦ 15 ለውሃ፣ የቀረው ለአፈር። የክዳኑ ወገን ሲገለበጥ ሁለቱ ቡሾች ከታች ስለሚሆኑ ቴፍሎን ጠምጥማችሁ አጥብቁ።

ከመሬት 15 ሴንቲ ሜትር ላይ ብሱትና ኒፕሉን ግጠሙ። ትርፍ ውሃ የሚወጣው በዚህ ነው። ሲሊኮን ቀብቶ ማለፍ ያጓጓል፤ ነገር ግን ሲሊኮን በዚህ ዓይነት ፕላስቲክ ላይ አይጣበቅም፣ ደርቆ እንደ ቅርፊት ይላቀቃል። ጎማና ዳዶው ይሻላል። የውስጡን አፍ በአጎበር ጨርቅ ሸፍኑ።

አሁን ሥራው ሁሉ የሚሳካበት ወይም የሚበላሽበት ቦታ ላይ ደርሰናል። ድንጋይ ውሃ ያጠራቅማል እንጂ ወደ ላይ አይስብም፤ በመካከሉ ያለው ክፍተት ሰፊ ስለሆነ ውሃው ጥቂት ወጥቶ ይቆማል። ድንጋይ አልብሰው፣ ጨርቅ ደርበው፣ አፈር የሞሉ ሰዎች ከሥር ሙሉ ውሃ እያለ ተክሉ የሚደርቅባቸው ለዚህ ነው። ስለዚህ አፈሩ ራሱ እግር አውጥቶ ውሃው ውስጥ መቆም አለበት።

እግሮቹ ጠርሙሶቹ ናቸው። አንገታቸውን ቆርጣችሁ ቁመታቸውን 15 ሴንቲ ሜትር አድርጉ፤ ዙሪያቸውንና ቂጣቸውን በጋለ ሚስማር 40 ቦታ ያህል ብሱ። የሚሞላቸው ግማሽ አሸዋ ግማሽ ቀይ አፈር ነው። ኮምፖስትም ፍግም አታስገቡ፤ አየር በሌለበት ውሃ ውስጥ በስብሶ እንደ ተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ጥቁር አፈርም አይሆንም፤ ሲደርቅ ይሸሻል፣ ይሰነጠቃል፣ የውሃውም መንገድ ይቋረጣል። ድብልቁን አርሳችሁ በጡጫ እየጠቀጠቃችሁ እስከ አፉ ሙሉ። በደረቁ ከሞላችሁት ውሃ ሲነካው ይሰምጥና ከላይኛው አፈር ጋር ባዶ ቦታ ይፈጠራል፤ የአንድ ጣት ክፍተት መሳቡን ለማቋረጥ ይበቃል።

ሦስቱን ጠርሙሶች ወለሉ ላይ አቁሙ። የቱቦውን የታችኛ 12 ሴንቲ ሜትር በስታችሁ፣ ጫፉን በሰያፍ ቁረጡና ጥግ ላይ አቁሙት። ዙሪያውን ሬድ አሽ እስከ ጠርሙሶቹ አፍ ሙሉ። በቱቦው ውሃ 10 ሴንቲ ሜትር እስኪደርስ ጨምሩና አሳድሩት። ጠዋት የጠርሙሱ አፈር ፊት ጠቁሮ ጣት ላይ ሊጣበቅ ይገባል። ገርጥቶ ካደረ አውጡና እንደገና ጠቅጥቁት፤ አፈር ከተሞላ በኋላ መመለሻ የለውም።

ከዚያ ከረጢቱን አንጥፉ፣ በጠርሙሶቹ አፍ ልክ ቅደዱት። የቃጫ ጆንያ ስለሚበሰብስ አይሆንም። መደቡን አፈር ከመጨመራችሁ በፊት የሚቆምበት ቦታ አድርሱት፤ ሲሞላ ወደ 150 ኪሎ ይደርሳል፣ የኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ ብዙ መደርደር አደገኛ ነው። የላይኛው አፈር ሁለት እጅ ቀይ አፈር፣ አንድ እጅ የበሰለ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ አሸዋ ነው፤ ሦስት ባልዲ ተኩል ያህል ይፈጃል። ከላይ አጠጥታችሁ ትከሉ፣ ጭድ አልብሱት።

ሥሩ እስኪወርድ ሁለት ሦስት ሳምንት ከላይ ማጠጣት ግድ ነው። ከዚያ በኋላ በቱቦው ብቻ። ባዶውን የውሃ ቦታ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይሞላዋል፤ በኒፕሉ መንጠባጠብ ሲጀምር አቁሙ። ምን ያህል እንደቀረ ለማወቅ ቀጭን እንጨት በቱቦው አስገብቶ እርጥቡን ማየት ይበቃል። የቱቦውን አፍ ክደኑት፣ አለበለዚያ የወባ ትንኝ ይራባበታል።

ውሃው ሁልጊዜ ወደ ላይ ስለሚጓዝ ጨው ላይ ላዩን ይቀራል፤ ነጭ ቅርፊት ስታዩ በኒፕሉ እስኪፈስ ድረስ ከላይ አጠጡ። በክረምት ይህን ዝናቡ ይሠራዋል፤ የእናንተ ድርሻ ኒፕሉ በጭቃ አለመደፈኑን በየሳምንቱ ማየት ነው።